የሥራ ዝርዝር፣ ዓለም ገና

ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፤
ዓለም ገና፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮው ጀርባ ያለ ቤት።
ባለቤት፦ ወይዘሮ ደብሪቱ በዳሶ።
የሥራው ዓይነት፦ እድሳት፤ የሚፈርሰውን አፍርሶ፣
የሚተርፈውን ማትረፍ።

ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ጫፉን ልጃቸው ያዘችልኝ፣ ምንታምር፣
"አትልቀቂ" እላታለሁ፤ ዓይኗ ከስልኳ አይዞር።
እርሳሴ ከጆሮዬ ላይ፣ ደብተሬ ከጉልበቴ፤
በአንዱ ዓምድ ያየሁት አለ፣ በሌላው ደግሞ ግምቴ።

፩። የሳሎን ምሥራቅ ግድግዳ፤ አራት ሜትር ከሃያ በሁለት ከስድሳ።
ልስኑ አብጧል። ሲያንኳኩት ባዶ ይላል። እስከ ማገሩ ማንሳት፤
ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አብላልቶ መምረግ፣ ሁለት እጅ።

፪። ኮርኒስ፣ አቡጀዲ። ውሃ ካርታ ስሎበታል፤
ሐይቅ አለው፣ ወሰን አለው፣ ስም ያልወጣለት አገር።
ሁሉንም ማውረድ።

፫። የመኝታ ቤት በር አይገጥምም። መቃኑ ውሃ ጠጥቷል። መለወጥ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ከኋላዬ ባልዲ ይቀያይራሉ፤
"የአልጋዬንም እግር ጻፈው፣ በስብሷል" ይላሉ።
"እሱ የቤት ዕቃ ነው እማማ፣ በዚህ ውስጥ አይካተትም።"
"ወገቤስ? ሃያ ክረምት ሌሊት ባልዲ ሳነሳ፣ ቀና አላለም።"
ሳቅሁ። አልጻፍኩም። የለኝም ዓምድ ለወገብ፤
ዝርዝር ማለት ወሰን ነው፤ ያልተጻፈ አይሠራ፣ ያልተሠራ አይታሰብ።

ስንት ቤት ላይ ተጣልቻለሁ ለአንዲት መስመር!
"ይሄም አለበት ብለህ ነበር።" "አላልኩም።" "ብለሃል፣ አትካካር።"
ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ሚስማር ሳይቀር፣ የሚስማሩም ቁጥር።

፬። ጣሪያ።
መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ወጨጫ ጉም ለብሷል፤
ወዲህ ያላለቀ ፎቅ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።
ከሠላሳ ሰባት ቅጠል ቆርቆሮ አሥራ አራቱ ዝጓል።
ግን ዝገት አይደለም ውሃውን ያስገባው፤
መደራረቢያው ነው። አንዱ ቅጠል ሌላውን በአንድ ሞገድ ብቻ ነው የነካው።
ሁለት መሆን ነበረበት።
አንድ አንድ ሞገድ እየሰረቀ ጣሪያ የከደነ ሰው
ማን ነው?

በቀዳዳው አንገቴን አስገብቼ ባትሪ አበራሁ፤
ከወራጁ ላይ፣ በእርሳስ፣ "37" የሚል አየሁ።
ሰባቱ ወገቡ ላይ ሰረዝ፣ እግሩ ወደ ኋላ የታጠፈ፣
መምህሬ በአለንጋ ያላረመው፣ ከእጄ ጋር ያረጀ፣ ያላለፈ።

ጩሎ ነበርኩ ያኔ፣ ለጋሽ ሁንዴ ቆርቆሮ አቀባይ፤
ቤቱን አላወቅሁትም፤ አጥር የለው፣ ወፍጮ የለው፣ ብቻውን ነበር ሜዳ ላይ።
ጋሽ ሁንዴ ታመው፣ "አንተ ጨርሰው" ያሉኝ ቀን፣
ሦስት ቅጠል ሸሽጌ ሸጥኩ፤ ጫማ ገዛሁ፣ ቡናማ፣ ለጥምቀት ሰሞን።
በሁለተኛው ዓመት ጠበበኝ።

ወረድኩ። አንድ ዓምድ ቀርቶኛል፦ የጉዳቱ ምክንያት።
"ዝናብ" ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ አየሁት።
ዝናብ በር አያውቅም፣ መሪ ሲያገኝ ነው እንጂ።
ሰረዝኩት። "የሠሪ ጉድለት" ጻፈ፣ ይኸው ያው እጅ።

ምንታምር ደብተሩን ተቀብላ ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበች፤
ግድግዳውን፣ በሩን፣ "የሠሪ ጉድለት" ስትል ቀና አለች።
ወይዘሮ ደብሪቱ ባልዲውን አስቀመጡ።
"እኔ የገዛሁት አርባ ነበር" አሉ፤ ቃሉን ሳያፋጥኑ፣ ሳይቆጡ።
"ሦስቱን ጅብ በላቸው ብዬ ትቼ ነበር።"
ዝም አልኩ።
"ጅቡ ታዲያ ደህና ነው? ልጆች ወለደ?"
"ሁለት" አልኩ።

ደብተሬን ወስጄ ከታች ጨመርኩ፦

፭። ቆርቆሮ፣ ሦስት ቅጠል። በሠሪው የሚቀርብ። ዋጋ፦ የለም።
፮። የጣሪያ ሥራ፣ ሙሉ። የእጅ ዋጋ፦ የለም።

"ባልዲውንም ጻፍ" አሉ።

፯። ባልዲ። ብዛት፦